ከአድሌድ ፐርዝ በኬላ፦ በኮሮና ዘመን 2,700 ኪሎ ሜትር በመኪና

ምዕራብ አውስትራሊያ በስፋት ከኢትዮጵያ ከሁለት እጥፍ በላይ ናት፤ ሕዝቧ ግን በኮሮና ጊዜ ሦስት ሚሊዮን አይሞላም ነበር። ከጎረቤት ግዛቶች የሚለያት ድንበር ከሰሜን ባሕር እስከ ደቡብ ባሕር 1,860 ኪሎ ሜትር ገደማ በማስመሪያ የተሰመረ ነው። አስፋልት የሚያቋርጠው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ በሰሜን በኩኑናራ በኩል፣ በደቡብ በዩክላ በኩል። መልክዓ ምድሩ እንዲህ ባያግዛት ኖሮ ግዛቷ በኮሮና ጊዜ ያደረገችውን ለማድረግ ባልደፈረች። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 2020 እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ለአውስትራሊያውያን ጭምር በሯን ዘጋች፤ ኖቬምበር 14 ቀን 2020 በደረጃ ወደተከፋፈለ ቁጥጥር ተሸጋገረች፤ ሙሉ በሙሉ የከፈተችው ማርች 3 ቀን 2022 ነው።

ከዚህ በታች ያለው ማስታወሻ በ2020 መጨረሻ፣ ደቡብ አውስትራሊያ «ዝቅተኛ አደጋ» በሚለው ደረጃ ላይ በነበረችበት ወቅት፣ ከዋና ከተማዋ ከአድሌድ ተነስቶ በመኪና የምዕራብ አውስትራሊያ ዋና ከተማ ፐርዝ ለሚገባ ሰው ጉዞው ቀን በቀን ምን ይጠይቅ እንደነበር ያሳያል። ደንቡ ዛሬ ባይኖርም የተጻፈው በጊዜው እንደሚነገረው ነው።

ከመነሳት በፊት

ሥራው የሚጀምረው ከመኪናው ሳይሆን ከስልኩ ነው። የምዕራብ አውስትራሊያ ፖሊስ «ጂ ቱ ጂ ፓስ» የሚባል የይለፍ ፈቃድ በኢንተርኔት ይሰጣል። አመልካቹ መታወቂያውን ይጭናል፣ ባለፉት 14 ቀናት የት የት እንደነበረ ይዘረዝራል፣ የሚገባበትን ቀንና መንገድ፣ ራሱን አግልሎ የሚቆይበትን ቤት አድራሻና የሚገኝበትን ስልክ ይሞላል። አዋቂ የሆነ ሁሉ የራሱን ይሞላል፤ ባል ለሚስቱ ብሎ በአንድ ፈቃድ ሁለት ሰው አይገባም። ሲፈቀድ ኪው አር ኮድ ያለው ወረቀት በኢሜይል ይመጣል። ወረቀቱ መታተም አለበት፣ ቢያንስ ስክሪን ሾቱ ስልክ ላይ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ቀን ማደሪያ ከሆነችው ከሴዱና በኋላ ኔትወርክ የሚገኘው እዚህም እዚያም ነው፤ ኬላ ላይ ቆሞ ኢሜይል ለመክፈት መታገል የኋላውን ሰልፍ ከማስረዘም ሌላ ጥቅም የለውም።

ለሐበሻ ተጓዥ አንድ ልዩ ወጥመድ አለ፤ ስም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ቅጹ ግን ይጠይቃል። አንዱ ቦታ የአባት ስም፣ ሌላው ቦታ የአያት ስም ተጽፎ ከሆነ በፈቃዱና በመንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው ሰው ሁለት ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ኬላ ላይ የሚታየው መታወቂያ ላይ እንዴት ተጽፎ እንደሆነ ፊደል ሳይቀየር እዚያው መገልበጥ። ስሙ ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ማቆየት ይሻላል። እንግሊዝኛው የሚከብደው ሰው ደግሞ በ131 450 ደውሎ አማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ማግኘት ይችላል።

የ14 ቀኑ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን እዚህ ነው። የሚመዘነው አድሌድ መኖር አይደለም፤ ባለፉት 14 ቀናት የተረገጠው ቦታ ሁሉ ነው። ከአሥር ቀን በፊት ሲድኒ ደርሶ የተመለሰ ሰው አድሌድ ቢኖርም ደረጃው የሲድኒ ነው። የነዳጅና የሱቅ ደረሰኝ፣ የባንክ መግለጫ፣ የቤት ኪራይ ውል የመሳሰሉት ተይዘው ቢሄዱ የጥያቄውን ጊዜ ያሳጥራሉ።

ደረጃዎቹ የሚወጡት ከበሽታው ቁጥር ነው። ለ28 ቀናት በማኅበረሰቡ ውስጥ አንድም ሰው ያልተገኘበት ግዛት «እጅግ ዝቅተኛ» ይባልና ተጓዡ መግለጫ ሞልቶ በፍተሻ ይገባል። በ14 ቀን አማካይ በቀን ከአምስት ያነሰ ሰው ከተገኘበት «ዝቅተኛ» ነው፤ ይገባል፣ ግን 14 ቀን ራሱን ያገላል፣ በ11ኛው ቀን ይመረመራል። ከዚያ በላይ ከሆነ የሚገባው ልዩ ፈቃድ ያለው ብቻ ነው። ኋላ ላይ «ከፍተኛ» እና «እጅግ ከፍተኛ» የሚሉ ደረጃዎችም ተጨመሩ።

ዋናው ነገር ግን የሚሠራው የመነሻው ሰዓት ደረጃ ሳይሆን ድንበር ላይ የተደረሰበት ሰዓት ደረጃ መሆኑ ነው። ለዚህ የኖቬምበር 2020 ነገር ይበቃል። አዲሱ ደንብ በሥራ ላይ ሲውል ደቡብ አውስትራሊያ «እጅግ ዝቅተኛ» ላይ ነበረች። ወዲያውኑ አድሌድ ውስጥ መነሻው የለይቶ ማቆያ ሆቴል የሆነ ወረርሽኝ ተገኘና በዚያው ሳምንት የምዕራብ አውስትራሊያ በር መልሶ ተዘጋ። ደቡብ አውስትራሊያም ለስድስት ቀን ከቤት አትውጡ ብላ አወጀች። በሦስተኛው ቀን ነገሩ ሌላ ሆነ፤ ፒዛ ገዝቼ ሄድኩ ብሎ ለመርማሪዎች የተናገረ ሰው ለካ እዚያው ፒዛ ቤት የሚሠራ ኖሯል። ፒዛ የገዛ ሰው በጥቂት ደቂቃ ከያዘው ቫይረሱ ያለወትሮው ፈጣን ነው ማለት ነው፤ አብሮ የሠራ ሰው ከያዘው ግን የተለመደው ነው። በአንድ የተሳሳተ መልስ የአንድ ግዛት ሕዝብ ተዘጋበት፤ እውነቱ ሲታወቅ እገዳው ቀድሞ ተነሳ። ኬላ ላይ «የት ነበርክ?» ሲባል ፖሊሱ የሚደርቀው ለዚህ ነው።

ቀን 1፦ አድሌድ – ሴዱና፣ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ

ረጅም ቀን ነው፤ ሁለት ሹፌር ካለ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ፖርት ኦጋስታ 310 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ ትልቅ የገበያ መደብር የሚገኘው እዚያ ነው። ማስክ፣ የእጅ ማጽጃ፣ ውኃ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ አራት ሊትር፣ ለሦስት ቀን የሚበቃ የበሰለ ምግብ የሚሸመተው እዚህ ነው። ከድንበሩ በኋላ ሱቅ መግባት የማይፈለግ ስለሆነ የሚበላውን ሁሉ ይዞ መሻገር ዋጋ አለው።

ከዲሴምበር 1 ቀን 2020 ጀምሮ ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ምግብ ቤትም ሱቅም ሲገባ ኪው አር ኮድ መቃኘት ግዴታ ሆኗል። ተጓዥ እንደ ጣጣ ሊያየው አይገባም፤ የት እንደዋለ የሚመሰክርለት እሱ ነው።

ሴዱና ላይ ማደር። ከምሽት በኋላ መንዳት አይመከርም፤ ካንጋሩና ኢሙ የሚባለው ትልቅ ወፍ መንገድ ላይ ይወጣሉ።

ቀን 2፦ ሴዱና – ቦርደር ቪሌጅ፣ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ

ፔኖንግ፣ ኑንድሩ፣ ያላታ፣ ከዚያ የናላርቦር ሜዳ። ስሙ «ዛፍ የለሽ» ማለት ነው፣ ሲያዩት ስሙን አያሳፍርም። በያላታ አካባቢ ያለው መሬት የነባር ሕዝቦች ነው። ከዋናው መንገድ ወደ መንደሮቹ መታጠፍ በወረርሽኙ ጊዜ በተለይ የተከለከለ ወይም በጥብቅ የተገደበ ነበር፤ ሐኪም ቤት ሩቅ በሆነበት፣ በአንድ ቤት ብዙ ሰው በሚኖርበት መንደር ውስጥ ቫይረሱ ከገባ የሚያቆመው እንደማይኖር ሁሉም ያውቃል። ምዕራብ አውስትራሊያም ለሩቅ የነባር ሕዝቦች መንደሮች ከግዛቱ ድንበር የተለየ የራሳቸው መመሪያ ነበራት።

ናላርቦር ሮድሃውስ (የመንገድ ዳር ነዳጅ ማደያና ማረፊያ) ላይ ነዳጅ ሙሉ ይደረግ፤ የሚቀጥለው 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው።

ቦርደር ቪሌጅ ሲደረስ አንድ ውሳኔ አለ። ማረፊያው ያለው ድንበሩን ሳይሻገሩ በደቡብ አውስትራሊያ በኩል ነው። እዚህ አድሮ በጠዋት መሻገር ብዙ ጥቅም አለው፤ በለይቶ ማቆያ ደንብ ሥር ሆኖ መንገድ ላይ የሚታደረው ሌሊት ከሁለት ወደ አንድ ይወርዳል፣ ሰልፉም በጠዋት ይቀላል። ጉዳቱ ደግሞ ደረጃው ሌሊት ከተቀየረ ጠዋት በሩ ተዘግቶ መገኘቱ ነው። በዚያ ሰሞን ለውጡ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነበር። ስለዚህ በዕለቱ አድሌድ ውስጥ አዲስ ሰው ተገኘ የሚል ዜና ካለ ድካም ሳይባል በዚያው ምሽት መሻገር ነው፤ ዜና ከሌለ መተኛት። ከዚህ መመለስ ማለት 480 ኪሎ ሜትር ወደ ሴዱና መሆኑ አይረሳ።

ቀን 3፦ ኬላው፣ ከዚያ እስከ ኖርስማን፣ 720 ኪሎ ሜትር ገደማ

መጀመሪያ ሰዓቱ። በበጋ አድሌድ ከፐርዝ በሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። በመካከል ዩክላና አካባቢዋ በሕግ ያልጸደቀ ግን ነዋሪው ሁሉ የሚጠቀምበት የራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ ከፐርዝ 45 ደቂቃ ይቀድማል። መመሪያው የሚቆጥረው በፐርዝ ሰዓት ስለሆነ ፈቃዱ ላይ ያለው ቀንና የእጅ ሰዓቱ እንዳይጋጩ ከመድረስ በፊት ስልኩን ማስተካከል።

ኬላው ላይ ሁለት ዓይነት ፍተሻ አለ፤ ሰዎች የሚያምታቱትም ሁለቱን ነው። አንደኛው ከኮሮና በፊትም የነበረ፣ ዛሬም ያለ የእርሻ ቁጥጥር ነው፤ ፍራፍሬ፣ አትክልት፣ ዘር፣ ተክል፣ ማር አያሳልፍም። ለፐርዝ ዘመድ የተያዘ የማር ጣሳ እዚህ ይቀራል፤ ሙዙና ብርቱካኑ ከመድረሳቸው በፊት ቢበሉ ይሻላል። ተቆጣጣሪዎቹ ማቀዝቀዣ ሣጥን ያስከፍታሉ፣ የኋላ ኮፈን ያዩበታል፤ እምቢ ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው የፖሊስና የጤና ፍተሻ ነው። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ማስክ ማድረግ፣ መስኮት ዝቅ ማድረግ፣ ኪው አር ኮዱን ማሳየት። ፖሊሱ መታወቂያውን ከፈቃዱ ጋር ያስተያያል። ትኩሳት፣ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የማሽተት ወይም የመቅመስ ለውጥ አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ ሙቀት ይለካል። መኪና ውስጥ ማሞቂያ ከፍቶ ወይም ግንባርን ለፀሐይ ሰጥቶ የመጣ ሰው ሙቀቱ ከፍ ብሎ ይታይበታልና ትንሽ ቀደም ብሎ ቀዝቀዝ ማለት ነው። ምልክት ያለበት ሰው ግን ሊደብቅ አይገባም፤ ምርመራ ማድረግ ሊጠየቅ ይችላል። ከዚያ ፖሊሱ የሚያድሩበትን ቦታ፣ የሚደርሱበትን ቀንና አድራሻውን እንደገና ይጠይቃል። በቅጹ ላይ «ፐርዝ፣ የወንድሜ ቤት» ብሎ የጻፈ ሰው የመንገድ ስምና ቁጥር እስኪያመጣ ይቆማል።

መጨረሻ ላይ የመመሪያ ወረቀት ይሰጣል። ከጉዞው ወረቀቶች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። የሚያልቅበት ቀንና ሰዓት በግልጽ ተጽፎበታል፤ የመጣሁበት ቀን ይቆጠራል አይቆጠርም እያሉ በጣት ማስላት አያስፈልግም፣ ወረቀቱ ያለው ነው። የወጣው በ2005 የአስቸኳይ ጊዜ አስተዳደር ሕግ መሠረት በወቅቱ የፖሊስ ኮሚሽነር በነበሩት በክሪስ ዶሰን ሥልጣን ሲሆን፣ መጣሱ ለአንድ ግለሰብ እስከ 50,000 ዶላር ወይም 12 ወር እስራት ያስቀጣል።

እግረ መንገድ፣ ይህ ሁሉ በሕገ መንግሥቱ ይቻላል ወይ የሚለው ክርክር ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሷል። የአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 92 በግዛቶች መካከል ንግድና መመላለስ ፍጹም ነፃ ነው ይላል። ባለሀብቱ ክላይቭ ፓልመር በዚህ ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ ኖቬምበር 6 ቀን 2020 ክሱን ውድቅ አደረገው። በወቅቱ የግዛቱ መንግሥት መሪ (ፕሬሚየር) የነበሩት ማርክ ማክጎዋን በማርች 2021 ምርጫ ያገኙትን ድል ያየ ሰው ደግሞ ሕዝቡ ድንበሩን እንዴት እንዳየው ይገባዋል።

ከኬላው በኋላ ተጓዡ በሕግ ዓይን ለይቶ ማቆያ ውስጥ ነው፤ ክፍሉ መኪናው ነው። በአቋራጭ መንገድ፣ ያለ አላስፈላጊ ማቆም ይነዳል። ነዳጅ ሲቀዳ ማስክ አድርጎ፣ ቢቻል በካርድ ከፍሎ፣ ቁጭ ብሎ ሳይበላ ይወጣል። ነዳጅ የሚገኝባቸው ቦታዎች፦ ዩክላ፣ ሙንድራቢላ፣ ማዱራ፣ ኮክልቢዲ፣ ካይጉና፣ ባላዶኒያ። ከካይጉና እስከ ባላዶኒያ 182 ኪሎ ሜትር፣ ከባላዶኒያ እስከ ኖርስማን 191 ኪሎ ሜትር ምንም የለም። ከካይጉና በኋላ 146.6 ኪሎ ሜትር አንዲት መታጠፊያ የሌለው ቀጥታ አለ፤ እንቅልፍ የሚጥለው እዚያ ነው። አስፋልቱ ላይ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ምልክት የተቀባባቸው ቦታዎች ይታያሉ፤ በራሪ ሐኪሞች ለድንገተኛ የሚያርፉባቸው ናቸውና እዚያ ላይ መኪና አይቆምም።

የደከመ ሰው እንዳያርፍ ደንቡ አያስገድድም። ኖርስማን ለማደር በሩ ቀጥታ ወደ ውጭ የሚከፈት ሞቴል ይመረጣል፤ ቀደም ብሎ ተደውሎ ለባለቤቱ ሁኔታው ይነገራል፣ ክፍያው በስልክ ያልቃል፣ ቁልፉ በር ላይ ይቀመጣል። ሳይነግሩ መግባት ውሸት ባይሆንም ለጽዳት ሠራተኛዋ ደግ አይደለም።

ቀን 4፦ ኖርስማን – ፐርዝ፣ 725 ኪሎ ሜትር ገደማ

ኩልጋርዲ፣ ሳውዘርን ክሮስ፣ ሜሬዲን፣ ኖርተም። ስለዚህ ቀን ብዙ የሚባል የለም፤ ቀጥታ ወደ ቤት። ዘመድ ቤት ሰላም ለማለት ጎራ ማለት የለም፤ ሱቅም የለም።

ከዲሴምበር 5 ቀን 2020 ጀምሮ ምዕራብ አውስትራሊያም ምግብ ቤትና የመሳሰለው ቦታ ሲገባ «ሴፍ ደብሊው ኤ» በሚባል መተግበሪያ ወይም በወረቀት መመዝገብን ግዴታ አድርጋለች። መዝገቡ ለንክኪ ፍለጋ ብቻ ነው ተብሎ ለሕዝብ ተነግሮ ሳለ ፖሊስ ለወንጀል ምርመራ እንደተጠቀመበት በ2021 ታወቀ፤ መንግሥትም ይህን የሚከለክል ሕግ ለማውጣት ተገደደ። ሕዝቡ ስልኩን ሳይሳቀቅ የሚያወጣው ቃሉ ከተጠበቀለት ነው፤ ይህ ስህተት ከማንኛውም የኬላ ድክመት የከፋ ነበር ብንል አናጋንንም።

ቤት፦ ከመግቢያው እስከ 14ኛው ቀን

ኬላው የደቂቃዎች ጉዳይ ነበር። ቁጥጥሩ የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ነው።

የተመረጠው ቤት ለተጓዡ የራሱ መኝታ ክፍልና የራሱ መታጠቢያ ቤት ሊኖረው ይገባል። ከሌለ የቤቱ ሰው ለሁለት ሳምንት ሌላ ቦታ ቢያድር ይቀላል። ሽንት ቤት በጋራ ከሆነ በተጠቀሙ ቁጥር ማጽዳት፣ መስኮት መክፈት፣ ፎጣና ብርጭቆ መለየት፤ በወረቀት ላይ ቀላል፣ በአምስተኛው ቀን የሚረሳ። ምግብ በር ላይ ይቀመጣል፤ ያስቀመጠው ሰው ከሄደ በኋላ ይነሳል። የእኛ ሰው ቤት ችግሩ ጠያቂ ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው ሳይጠየቅ መቅረቱ ነውር ስለሆነ ቡና ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። አስቀድሞ ለሁሉም ስልክ ደውሎ «እስከዚህ ቀን እንዳትመጡ፣ እንጀራ ካመጣችሁም በር ላይ» ማለት ያስፈልጋል፤ ቢቻል የሚናገረው የቤቱ ትልቅ ሰው ቢሆን ይሰማል። ኢትዮጵያም ከመጋቢት 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከውጭ የሚገባን መንገደኛ በራሱ ወጪ ሆቴል አስገብታ 14 ቀን ስታቆይ ጠያቂው ቀርቶ ተቀባዩ እንኳ አይገባም ነበር፤ ነገሩ ለማንም እንግዳ አይደለም።

ፖሊስ በአካል መጥቶ በር ሊያንኳኳ ይችላል፤ ተጓዡ በመስኮት ወይም ከርቀት ይታያል። ሌላው መንገድ «ጂ ቱ ጂ ናው» የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ነው፦ ባልታወቀ ሰዓት መልእክት ይልካል፣ ተጓዡ በደቂቃዎች ውስጥ የራሱን ፊት ፎቶ አንስቶ ይልካል፣ ስልኩም ያለበትን ቦታ አብሮ ያሳውቃል። የሚያበላሹት ነገሮች ተራ ናቸው፤ ድምፁ የጠፋ ስልክ፣ ያለቀ ባትሪ፣ የተዘጋ የቦታ መጠቆሚያ፣ በጨለማ የተነሳ ፎቶ። መልስ ካጣ ፖሊስ ቤት ድረስ ይመጣል እንጂ ወዲያው አይከስም፤ ግን በየቀኑ ማስመጣት አያስፈልግም።

11ኛው ቀን የተመረጠው በምክንያት ነው። በመጀመሪያው የቫይረሱ ዓይነት ምልክት የሚያሳዩ ሰዎች በአማካይ በአምስት ቀን ገደማ ያሳያሉ፤ ከመቶ 97.5 የሚሆኑት እስከ 11 ቀን ተኩል ድረስ ያሳያሉ። በተያዙ ማግስት የሚደረግ ምርመራ ብዙ ጊዜ «የለም» ይላል፤ ቫይረሱ ገና አልበዛም። ስለዚህ ድንበር ላይ «ነፃ» መባል ብቻውን ብዙ ዋስትና አይሆንም። በ11ኛው ቀን ከጉሮሮና ከሁለቱ አፍንጫዎች በጥጥ ናሙና ይወሰዳል። ለዚህ ብቻ ከቤት ይወጣል፦ በራስ መኪና፣ ማስክ ተደርጎ፣ ቀጥታ ሄዶ ቀጥታ መመለስ። በአውቶቡስ መሄድ አይቻልም። መኪና የሌለው ሰው እንዴት እንደሚሄድ ቀደም ብሎ ለጤና ቢሮው ደውሎ ያዘጋጃል፤ በ11ኛው ቀን ጠዋት የሚታሰብ ነገር አይደለም።

ውጤቱ «የለም» ቢልም 14ኛው ቀን እስኪሞላ ቤት ውስጥ ነው። ብዙዎች የተሳሳቱት እዚህ ነው፤ መልእክቱን አይተው በ12ኛው ቀን ገበያ ወጡ። የሚያስወጣው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት መሙላቱ ነው፤ ውጤቱ ከዚያ ቀን ቢዘገይ ግን ሳይወጡ ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።

ፐርዝ የሚኖር ሰው ለቀብር ወይም ለሠርግ አድሌድ ሁለት ቀን ደርሶ ቢመለስ ነዋሪነቱ ነፃ አያወጣውም። አዲስ ፈቃድ ይሞላል፣ ኬላው ይቆማል፣ 14ቱ ቀን ከአንድ ይጀምራል። አሠሪ ፈቃድ ሲጠየቅ መነገር ያለበት የሁለት ቀን ሳይሆን የሦስት ሳምንት ያህል መቅረት ነው።